‹መቻል› በትርጉም ተውኔት፦ አንዲት ትንሽ ግሥ የምትሸከመው ከባድ ጭነት

በአገራችን የቴአትር ታሪክ ውስጥ የትርጉም ተውኔት የያዘው ቦታ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ክቡር ከበደ ሚካኤል ‹‹ሮሜዎና ዡልየት››ን፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ‹‹ኦቴሎ››ን፣ ‹‹ሐምሌት››ንና ‹‹ማክቤዝ››ን ወደ አማርኛ ከመለሱ ወዲህ የሼክስፒር ሰዎች በአማርኛ አንደበት መናገራቸው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ስለ ትርጉም ጥበብ በተወያየን ቁጥር የምናነሣቸው ታላላቆቹን ቃላት ብቻ ነው። ክብርን፣ ቅናትን፣ ኅሊናን፣ ዕጣ ፈንታን እንዴት እንመልሳቸው እያልን እንከራከራለን፤ ትንንሾቹን ቃላት ግን በራሳቸው መንገዱን የሚያገኙ አድርገን እንተዋቸዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ትንንሾች አንዷን፣ ይኸውም እንግሊዞች ችሎታን የሚገልጡባትን ‹‹ካን›› የተባለች ረዳት ግሥ ከነዘመዶቿ፣ በመድረክ ዐይን መመርመር ነው።

ጉዳዩ የሰዋስው መምህራን ብቻ መስሎ የሚታየው ቢኖር ተውኔት ምን እንደሆነ ያስታውስ። ተውኔት የሚያደርጉና ማድረግ የሚሳናቸው ሰዎች ታሪክ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ‹‹አልችልም›› ባለ ጊዜ ተመልካቹ ወዲያው ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። አቅም አንሶት ነውን? ዕውቀት ጐድሎት ነውን? የሚከለክለው ኃይል ኖሮበት ነውን? ወይስ አቅሙም ዕውቀቱም ሳያንሰው ሆዱ አልጨክን ብሎት ነው? ይህን ያልለየ ተመልካች ሊፈርድም ሊያዝንም አይሆንለትም። ተዋናዩም ቢሆን የሚሸከመው ባሕርይ ደካማ ይሁን፣ እስረኛ ይሁን፣ ወይም ሰነፍ ይሁን ሳያውቅ ቃሉን ብቻ ያወርዳል። እንግዲህ የችሎታ ግሥ ጥያቄ የኀላፊነት ጥያቄ ነው ማለት ነው፤ ማን ማድረግ ነበረበት? ማን ሳያደርግ ቀረ?

የእንግሊዝኛው ቤተ ዘመድ

‹‹ካን›› የተወለደችው ከዕውቀት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ‹‹ኩናን›› ማለት ማወቅ ማለት ነበር፤ ዛሬ ለማወቅ የሚያገለግለው ‹‹ኖው›› የተባለው ግሥም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ‹‹መዋኘት እችላለሁ›› ሲል በቃሉ ጥንተ ነገር ‹‹መዋኘት ዐውቃለሁ›› ማለቱ ነበር። በሼክስፒር ዘመን ይህ አሮጌ ኃይል ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። በ‹‹ሐምሌት›› 4ኛ ገቢር 7ኛ ትዕይንት ንጉሡ ስለ ፈረንሳውያን ፈረሰኞች ሲያወራ፣ እ.ኤ.አ. በ1604 በታተመው ቅጅ ውስጥ ‹‹ካን›› ሌላ ግሥ ሳትከተላት ራሷን ችላ ቆማ፣ በፈረስ ጀርባ ብልኀት ያላቸው መሆናቸውን ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ1623 በወጣው ትልቁ መድበል ግን በዚያው ቦታ የምናገኘው መሮጥን የሚያመለክት ሌላ ግሥ ነው። በአንዲት ፊደል ለውጥ ዕውቀት ወደ ሩጫ ተለውጧል። የዛሬው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን ቅጅ ሲያነብ አንድ ቃል የጐደለ ይመስለዋል፤ ‹‹ካን›› በጊዜ ብዛት ጌትነቷን አጥታ የሌላ ግሥ አገልጋይ ሆናለችና።

አገልጋይም እንደ መሆኗ ጕድለት አለባት። ንዑስ አንቀጽ የላትም፤ ቦዝ አንቀጽም የላትም፤ የትንቢቱን ረዳት ‹‹ዊል››ን ተከትላ ልትቆም አትችልም። ይህን ባዶ ቦታ የሚሞላው ‹‹ቢ ኤብል ቱ›› የተባለው ሐረግ ነው። ‹‹ኤብል›› የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ሲሆን፣ ሥሩ መያዝ ከሚለው ግሥ ነው፤ ለእጅ የሚመች፣ ሊያዝ የሚችል ማለት ነበር። ሌላው ዘመድ ‹‹ማኔጅ›› ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው፤ እጅ ከሚለው የላቲን ቃል ተነሥቶ መጀመሪያ ፈረስ መግራትን ያመለክት ነበር። በዚህ ዐይነት ለአንድ የችሎታ ጽንሰ ሐሳብ እንግሊዝኛ ሦስት ምንጭ አለው፦ ከአእምሮ ዕውቀት፣ ከእጅ ይዞታና ከፈረስ ጋር ከተደረገ ትግል።

ይህ የዘር ሐረግ ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ በኀላፊ ጊዜ ልዩነቱ ሕያው ሆኖ ይታያል። የ‹‹ካን›› ኀላፊ ‹‹ኩድ›› ነው። ‹‹ኩድ›› የሚናገረው ጸንቶ ስለ ኖረ ችሎታ ነው። አንድ ሰው በወጣትነቱ ወንዙን በዋና ይሻገር እንደ ነበረ ለመናገር ‹‹ኩድ›› ይበቃል። ድልድዩ በተሰበረበት በዚያ ሌሊት ግን ያ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ነፍሱን ማትረፉን ለመናገር ‹‹ኩድ›› አይበቃም፤ ‹‹ወዝ ኤብል ቱ›› ወይም ‹‹ማኔጅድ ቱ›› ማለት ግድ ነው። ‹‹ኩድ›› በሩ ክፍት መሆኑን እንጂ ሰውዬው መግባቱን አይመሰክርምና። በአሉታ ሲሆን ልዩነቱ ይቀራል፤ በሩ ከተዘጋ የገባ እንደሌለ የታወቀ ነው። ‹‹ኩድ››ን ተከትሎ ‹‹ሀቭ›› ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈጠራል፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ሰውዬው ግን አልገባም። በተውኔት ውስጥ የጸጸትና የነቀፋ ቃለ ምልልስ አብዛኛው የሚሠራው በዚህ ነው።

መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በራሱ ግሥ ውስጥ አስቀምጦታል። ‹‹ይሻገር ነበር››፣ ‹‹መሻገር ይችል ነበር›› ማለት ሌላ ነው፤ ‹‹ለመሻገር ቻለ›› ማለት ሌላ ነው። ‹‹ቻለ›› ሲባል ነገሩ ተፈጽሟል፤ ‹‹ይችል ነበር›› ሲባል መፈጸሙ አልተነገረም። እንግዲህ ተማሪው ቁልፉን ከእናቱ ቋንቋ ይዞ መጥቷል። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ‹‹ካን ማለት ይችላል፣ ኩድ ማለት ቻለ›› ተብሎ በተጻፈለት ቀን ቁልፉ ከእጁ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ‹‹ፈተናውን ለማለፍ ቻልኩ›› ለማለት በ‹‹ኩድ›› ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ አንባቢውም ‹‹ማለፍ ይችል ኖሯል፤ ታዲያ ምን አገደው?›› ብሎ ይረዳዋል። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ እንደ መሆኑ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ተማሪው የሠራውን ሥራ እንዳልሠራው አድርጎ የሚናገርበት ቋንቋ ለብሶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይሻገራል።

የአማርኛው ‹ቻለ›

የእኛው ‹‹ቻለ›› የመጣው ከግእዙ ‹‹ክህለ›› ነው፤ መምህራን የቋንቋ ክሂል የሚሉትም ከዚያው ግንድ የተቀጠለ ነው። ቃሉ በአማርኛ ሲያድግ ግን እንግሊዝኛው ያልሄደበትን መንገድ ሄዷል። ‹‹ቻለ›› ማለት ዐቅም አገኘ ማለት ብቻ አይደለም፤ ታገሠ፣ ተሸከመ፣ ያዘ ማለትም ነው። መከራውን ቻለው እንላለን። ወጪውን እኔ እችላለሁ እንላለን። ይህች ቤት ሁላችንንም አትችለንም እንላለን። ያደገ ልጅ ራሱን ቻለ ይባላል። የተቈጣን ሰው ቻል አድርገው እያልን እናባብላለን። ፈጣሪን ‹‹ሁሉን ቻይ›› ስንለው ኃያልነቱን ማመስገናችን ነው፤ ጎረቤታችንን ‹‹ቻይ ናት›› ስንላት ግን ታጋሽነቷን መመስከራችን ነው። እንግሊዛዊው ችሎታን ከማወቅ ሲቀዳው አማርኛ ተናጋሪው ከመሸከም ጋር አጣምሮታል።

ከዚህ የተነሣ ‹‹አልችልም›› የምትለው የአማርኛ ቃል በመድረክ ላይ ስትወድቅ ከእንግሊዝኛዋ ይልቅ ትከብዳለች። ተዋናዩ ካልተጠነቀቀ ዕውቀት የጐደለው ሰው ሸክም የከበደው ሰው መስሎ ይሰማል። ጥሩ ተርጓሚ ይህን ክብደት ጠላት አያደርገውም፤ በሚገባው ቦታ ያውለዋል እንጂ።

ደግሞም አማርኛ ችሎታን ለመግለጥ ‹‹ቻለ››ን ሁልጊዜ አይጠራም፤ እንዲያውም የቋንቋው ጠባይ ጥሪውን የሚቆጥብ ነው። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› ሲባል ስለ ሕብረት ኃይል ከዚህ የበለጠ የተናገረ የለም፤ ነገር ግን በዚያ ተረት ውስጥ ‹‹መቻል›› የሚል ቃል አይገኝም። ግሡ ብቻውን ችሎታውን ተሸክሟል። ‹‹ይህ ውኃ ይጠጣል›› ስንል ሊጠጣ የሚችል ነው ማለታችን ነው። ‹‹ጽሕፈቱ አይነበብም›› ስንል ማንም ሊያነበው እንደማይችል ተናግረናል። ‹‹መንገዱ ያስኬዳል፣ መብራቱ አያስነብብም፣ ጫጫታው አያስተኛም›› ስንል ደግሞ ችሎታውን የሰጠውን ወይም የነሣውን ነገር ባለቤት አድርገን አውጥተነዋል።

ለጐደለ ችሎታም ቢሆን ቃሉ ብዙ ነው። አቃተኝ፣ ተሳነኝ፣ ዳገት ሆነብኝ፣ አይሆንልኝም፣ ለዚያ አልበቃም፣ ከዐቅሜ በላይ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅና የራሱ ትከሻ አለው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ነገሩ ራሱ እንቢተኛ የሚሆንበት አነጋገር ነው። ቁልፉ አልዞር አለ። እግሬ አልራመድ አለኝ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እንግሊዛዊው ‹‹በሩን ለመክፈት አልቻልኩም›› ብሎ ጕድለቱን በራሱ ላይ ሲያኖር፣ አማርኛ ተናጋሪው በሩን ‹‹አልከፈት አለ›› ብሎ ይከስሰዋል። ለመድረክ ሰው ይህ ሀብት ነው። ተዋናዩ ከበሩ ጋር የሚታገለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነውና።

ከመድረክ የሚሰማው

እንግዲህ ይህን ያህል መሣሪያ በእጃችን እያለ በዘመናችን የትርጉም ተውኔቶችና በትርጉም ፊልሞች ውስጥ የሚሰማው ምንድን ነው? ‹‹ካን›› ባለበት ሁሉ ‹‹ይችላል››፣ ‹‹ካን›› በሌለበትም ‹‹ይችላል›› ነው። በጨለማ ውስጥ የቆመ ዘበኛ ለባልንጀራው ‹‹ድምፅህን ልሰማ እችላለሁ፣ ፊትህን ግን ላይ አልችልም›› ይላል። እንግሊዝኛ ከማየትና ከመስማት ጋር ‹‹ካን››ን የሚያስገባው በዚያች ቅጽበት የሚሆነውን ለመግለጥ እንጂ ስለ ችሎታ ለመመስከር አይደለም። አማርኛው ‹‹ድምፅህ ይሰማኛል፣ ፊትህ ግን አይታየኝም›› ነው። በመጀመሪያው ዘበኛው የሐኪም ምርመራ ላይ ያለ ይመስላል፤ በሁለተኛው ጨለማው መድረኩን ይሞላዋል።

እናት ከዳተኛ ልጇን ስትወቅስ ‹‹ይህን ልታደርግ እንዴት ቻልክ?›› ትለዋለች። ቃሉ የአድናቆት ይመስላል፤ ልጁም ዘዴውን ቢያስረዳት አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ስለ ዘዴ የሚጠይቅ አልነበረም። አማርኛ ለዚህ ነቀፋ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ‹‹እንዴት አስቻለህ? እንዴት ሆድህ ቻለ?›› እዚህ ላይ የምትጠየቀው እጅ ሳትሆን ሆድ ናት። በተመሳሳይ ሁኔታ ‹‹መግደል የሚችል ሰው ነው›› ተብሎ የሚተረጐመው የእንግሊዝኛ ሐረግ ስለ ጕልበት የሚያወራ አይደለም፤ ‹‹ከመግደል የማይመለስ ሰው ነው›› ማለት ነው። ‹‹መሳቄን ማቆም አልቻልኩም›› የሚለውን ‹‹ሳቄ አልያዝ አለኝ›› ይተካዋል። ‹‹ማኔጅድ ቱ››ን ለመመለስ ደግሞ ‹‹ለማምለጥ ችሎ ነበር›› እያሉ ከመድከም ይልቅ ‹‹እንደምንም ብሎ አመለጠ›› ማለት ይበቃል። ‹‹እንደምንም›› በሚለው ቃል ውስጥ የፈረስ ገሪው ላብ ሁሉ አለ።

ሌላው ጕዳት የሚደርሰው ‹‹ሊ›› እና ‹‹ይችላል›› በተጣመሩበት ቦታ ነው። ‹‹ሊመጣ ይችላል›› ሲባል ምናልባት ይመጣል ማለት ነው። ‹‹መምጣት ይችላል›› ሲባል ወደ ዐቅም ወይም ወደ ፈቃድ ያደላል። ‹‹ላይመጣ ይችላል›› እና ‹‹ሊመጣ አይችልም›› ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አንደኛው ጥርጣሬ ነው፣ ሁለተኛው የተዘጋ በር ነው። እንግሊዝኛ ለአንደኛው ‹‹ሜይ ኖት››፣ ለሁለተኛው ‹‹ካኖት›› ብሎ የለየውን፣ ተርጓሚው በችኮላ ሲያደባልቀው የሴራው ገመድ ይበጠሳል። ንጉሡ ላይመጣ ይችላል በተባለበት ተውኔት መኳንንቱ ገና ተስፋና ሥጋት አላቸው፤ ሊመጣ አይችልም በተባለበት ግን ጨዋታው አብቅቷል።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። ቋንቋ በንክኪ ያድጋል፤ ‹‹ልትረዳኝ ትችላለህ?›› የሚለው አነጋገርም ትሕትና አምጥቶልናል፣ ወጣቱም ተቀብሎታል ይባላል። እውነት ነው፤ የዛሬ ወጣት በዘመናዊ ተውኔት ውስጥ እንዲህ ቢናገር ከዘመኑ ጋር ተናገረ እንጂ ቋንቋ አበላሸ አይባልም። ነገር ግን ያው አነጋገር በአንዲት አሮጊት ገበሬ አፍ ሲገባ ባሕርይዋን ይገፍፋታል። እርሷ የምትለው ‹‹ልጄ፣ እስቲ ያዝልኝ›› ነው። ትሕትናው በ‹‹ልጄ›› እና በ‹‹እስቲ›› ውስጥ አለ። ጥያቄው እንግዲህ አዲሱ አነጋገር ይከልከል አይከልከል አይደለም፤ ማን እንደሚናገረው ተርጓሚው ያውቃል ወይስ አያውቅም ነው።

ሁለት ፈተናዎች

የዚህን ግሥ ክብደት ለመመዘን ከ‹‹ማክቤዝ›› 5ኛ ገቢር 3ኛ ትዕይንት የተሻለ ሚዛን ለማግኘት ያስቸግራል። ማክቤዝ ሚስቱን ለሚያክመው ሐኪም፣ የታመመ አእምሮን ማከም፣ ከመታሰቢያ ውስጥ ሐዘንን መንቀል አትችልምን? የሚል ጥያቄ ያቀርብለታል። በዚያች በ‹‹ካን›› በተጀመረች ጥያቄ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። የሙያ ጥያቄ ነው፤ የንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ ከሁሉም በላይ የራሱ የማክቤዝ ልመና ነው። ሐኪሙ ሲመልስ ግን ‹‹እችላለሁ›› ወይም ‹‹አልችልም›› አይልም። ‹‹መስት›› የተባለውን የግዴታ ግሥ አንሥቶ፣ በዚህ ነገር በሽተኛው ራሱን ማከም አለበት ይለዋል። የችሎታ ጥያቄ በግዴታ ተመለሰች። በእንግሊዝኛውም ‹‹ራሱን›› የሚለው ቃል የወንድ ነው፤ የታመመችው ግን ሴት ናት። ሐኪሙ ማንን እያየ እንደሚናገር ተመልካቹ ይገባዋል።

ይህን የሚመልስ ተርጓሚ ሁለቱን ግሦች ለየብቻ ሊተረጕማቸው አይገባም፤ የመመታታቸውን ድምፅ መጠበቅ አለበት። ‹‹ማከም አትችልምን?›› ብሎ ቢጀምር ሐኪሙን ፈተና ላይ ያቆመዋል፤ ልመናው ይጠፋል። ‹‹ለዚህስ መድኃኒት የለህም?›› ቢል ልመናው ይመጣል፤ የችሎታውና የግዴታው ግጭት ግን ይላላል። ይህ ጸሐፊ የሚያደላው ወደዚያች የአማርኛ ሀብት ወደ ‹‹አያቅትህም›› ነው። ‹‹የታመመ ልብ ማከም ያቅትሃልን?›› ቢባል ንጉሡ ያዛል፣ ይለምናልም፤ ሐኪሙም ‹‹ለዚህስ በሽተኛው ራሱ ሐኪም ሊሆን ግድ ነው›› ሲል ዐቅምና ግዴታ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ሌላው ተርጓሚ የተሻለ ያገኝ ይሆናል፤ መፈለጉ ግን አይቀርለትም።

ሁለተኛው ፈተና የሳሙኤል ቤኬት ‹‹ጎዶን በመጠበቅ›› ነው። ቤኬት ተውኔቱን በፈረንሳይኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተመው፤ በ1953 ፓሪስ ላይ ታየ፤ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1955 ለንደን መድረክ ላይ ወጣ። በተውኔቱ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ አጭር ምልልስ አለ፦ አንደኛው እንሂድ ሲል ሁለተኛው እንደማይቻል ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ጎዶን መጠበቃቸው ነው። በፈረንሳይኛው የመቻል ግሥ ባለቤት ‹‹ኦን›› የተባለው ተውላጠ ስም ነው፤ ‹‹እኛ›› ማለትም ይሆናል፣ ማንንም ሳይጠራ ‹‹ሰው›› ማለትም ይሆናል። በእንግሊዝኛው ደራሲው ራሱ ‹‹ዊ›› ብሎ ወሰነው፤ እኛ አንችልም። አማርኛ ተርጓሚ ከሁለቱ ደራሲዎች፣ ከፈረንሳይኛው ቤኬትና ከእንግሊዝኛው ቤኬት፣ መካከል ይቆማል። ‹‹አንችልም›› ቢል ሁለቱ ሰዎች ጕድለቱን በራሳቸው ላይ ያኖራሉ። ‹‹አይቻልም›› ቢል ግን የከለከለ አንድ ነገር አለ፤ ማን እንደ ከለከለ ግን አይታወቅም። የሚያስራቸው ገመድ በመድረክ ላይ በማይታይበት በዚያ ተውኔት ውስጥ የዚህች አንዲት ቃል ምርጫ የጠቅላላውን ትርጕም ይወስናል።

‹አይቻልም›፣ ‹ተችሏል›፣ ‹ይቻላል›

‹‹አይቻልም›› ከመድረክ ወርዳ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይም ተቀምጣ ትገኛለች። ባለጉዳይ መጥቶ ሲጠይቅ ‹‹አይቻልም›› ይባላል። ማን ከለከለ? ሕግ ነውን? አለቃ ነውን? ወይስ የተናጋሪው ስንፍና? ግሡ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ይግባኝ የሚባልበትም የለም። መንታ ወንድሟ ‹‹ተችሏል›› ደግሞ በሪፖርት ውስጥ ይኖራል። ‹‹በዚህ ሩብ ዓመት 12 የውኃ ጕድጓዶችን መቈፈር ተችሏል›› ይባላል። ቈፋሪዎቹ የት አሉ? ‹‹12 ጕድጓዶች ቈፈርን›› ማለት ምን ይጐድለዋል? ይህን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጕድ ያመጣል፤ ‹‹መቈፈር የሚቻል ነበር›› ይሆንበታልና፣ አንባቢው ‹‹እና ቈፈራችሁ?›› ብሎ ይጠይቃል። በ‹‹ኩድ›› የተሳሳተው ተማሪና በ‹‹ተችሏል›› የሚጽፈው ሪፖርት አቅራቢ ባንድ ጕድጓድ ተገናኙ ማለት ነው፦ የተሠራው ሥራ ከሠሪው ተለየ።

ይሁን እንጂ ባለቤት የሌለውን ግሥ ሁሉ በሽሽት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ አሪዞና ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ዌርታ የእርሻ ሠራተኞችን ትግል ሲመሩ የተነሣው የስፓንኛ መፈክር ‹‹ሲ፣ ሴ ፑዌዴ›› ነበር፤ ቃል በቃል ‹‹አዎን፣ ይቻላል›› ማለት ነው። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 በኒው ሃምፕሺር ሲናገሩ ዓለም የሰማው የእንግሊዝኛ መፈክር ግን ባለቤት አለው፤ ‹‹አዎን፣ እንችላለን›› ይላል። በአገራችን ደግሞ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መለያው አድርጎ ያስተዋወቀው ቃል እንደ ስፓንኛው ባለቤት የሌለው ‹‹ይቻላል›› ነው። ኃይሌ ‹‹እችላለሁ›› ቢል ማንም አይከራከረውም ነበር፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ ሰው ነውና። ‹‹ይቻላል›› በማለቱ ግን ችሎታውን ከራሱ ላይ አውልቆ ለሚሰማው ሁሉ አከፋፈለው።

እንግዲህ ያው አንድ የግሥ መልክ በሁለት አፍ ሁለት ነገር ይሆናል። ያደረገ ሰው ‹‹ይቻላል›› ሲል ራሱን የሚሰውረው ሌላውን ለማስገባት ነው፤ ማድረግ የሚገባው ሰው ‹‹አይቻልም›› ሲል ራሱን የሚሰውረው ከተጠያቂነት ለማምለጥ ነው። ሰዋስው ይህን ሊነግረን አይችልም። የሚነግረን ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚናገር የሚያሳየን ጥበብ፣ ማለትም ተውኔት ነው።

በመሆኑም ከተርጓሚ የሚጠበቀው ‹‹ካን››ን ባየ ቁጥር መዝገበ ቃላት መግለጥ አይደለም። ይህ ሰው ምን አገደው? ብሎ መጠየቅ ነው። ያገደው ዕውቀት ከሆነ ‹‹አያውቅበትም›› ይበለው። ዐቅም ከሆነ ‹‹አቃተው››፣ በር ከሆነ ‹‹አልከፈት አለው››፣ ሆድ ከሆነ ‹‹አላስቻለውም››፣ ሰው ከሆነ ‹‹ከለከሉት›› ይበለው። ከመምህር የሚጠበቀውም የእንግሊዝኛውን ግሥ ከማስጠናቱ በፊት ተማሪው በ‹‹ቻለ›› እና በ‹‹ይችል ነበር›› መካከል ያለውን ልዩነት በእናቱ ቋንቋ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ሪፖርት ጸሐፊም ‹‹ተችሏል›› ብሎ ከመጻፉ በፊት የሠራውን ሰው ስም ይፈልግ።

ተዋናዮቻችን ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያውቁታል። በልምምድ ጊዜ አንድ ቃል አፋቸው ላይ አልቀመጥ ሲላቸው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ‹‹አልችልም›› የሚለውን ቃል ደጋግመው የሚሞክሩት ድምፃቸው ስላነሰ ሳይሆን ማን እንዳገዳቸው ስላልተነገራቸው ነው። ያንን የመንገር ግዴታ የተርጓሚው ነው።